ቢምቢዋና የዝናብ ጠብታው

የዝናብ ጠብታ በራሪ ቢምቢ ላይ ሲያርፍ ምን ትሆናለች? ጠብታው ከእሷ እስከ 50 እጥፍ ሊከብድ ይችላል። አትላንታ በሚገኘው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሁ እና ባልደረቦቹ በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀርጸው መልሱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳተሙ። ቀረጻው ቀስ ተደርጎ ሲታይ ቢምቢዋ ከጠብታው ጋር አትታገልም። ቀላል ስለሆነች ምቱ አይጎዳትም፤ ጠብታው ላይ ተለጥፋ ጥቂት ትወርድና ሾልካ ትበራለች። በየክረምቱ ደጃፋችን ላይ ሲፈጸም የኖረ ነገር፣ ዐይን ግን አልደረሰበትም ነበር።

አትላንታ የምትገኝባት የጆርጂያ ግዛት እንዲህ ያሉ ፍጥረታትን አተኩሮ ያየ ሰው ያገኘችው ቀደም ብሎ ነው። አትላንታ ከመቆርቆሯ ከ60 ዓመት ገደማ በፊት ጆን አቦት የተባለ እንግሊዛዊ ጆርጂያ ውስጥ ሰፈረ። አባጨጓሬውን ከሚበላው ቅጠል ጋር ያሳድጋል፣ ክንፍ እስኪያወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ በውሃ ቀለም ይስለዋል። ከሥራው 104 ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1797 ለንደን ውስጥ በመጽሐፍ ታትመዋል። ትዕግሥቱ ዛሬም ያስደንቀኛል። ብሩሽ ግን እየተርገበገበ ያለ ክንፍ አይዝም።

ክንፉን ያስቆመው ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ፓሪስ ውስጥ ሉሲየን ቡል በራሪ ነፍሳትን በተከታታይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀረጸ፤ በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ሃሮልድ ኤጀርተን ዘዴውን አራቀቀው። በዚህ ዘዴ ዋናው ነገር የካሜራው መፍጠን ሳይሆን የብርሃኑ ማጠር ነው።

ይህን ወደ አትላንታ ጓሮዎች የምትመጣው ሃሚንግበርድ የተባለች ትንሽ ወፍ ታሳየናለች። ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው፤ ክንፏን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ታርገበግባለች። ካሜራው ለሰከንድ አንድ ሺኛ ብቻ ቢከፈት እንኳ የክንፏ ጫፍ ይደበዝዛል። ፎቶ አንሺው ወፏን ጥላ ውስጥ ሲያነሳትና የፍላሹን ኃይል ሲቀንስ ግን ብርሃኑ ከሰከንድ አሥር ሺኛ በማይበልጥ ጊዜ በርቶ ይጠፋል፤ ያኔ የእያንዳንዷ ላባ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሃሚንግበርድ አፍሪካ ውስጥ የለችም። በአገራችን የአበባ ማር የሚጠቡት ሌሎች ወፎች ናቸው፤ የአንዷ ሳይንሳዊ ስም የተወሰደው ከተከዜ ነው።

አትላንታ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ሃሚንግበርዷ በመጋቢት ትመጣለች፣ በጥቅምት መጀመሪያ ትሄዳለች። 1 እጅ ስኳር በ4 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በረንዳ ላይ ስቀሉላት፤ ቀለም አትጨምሩበት፣ ሳይበላሽም ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።