ያልታደሰ

«ታደሰ» ከግዕዙ «ሐደሰ» ጋር ሥር የሚጋራ፣ ለሰው መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰ በጎ ቃል ነው፤ ስለዚህም አፍራሹ «ያልታደሰ» በተለመደው አነጋገር ያረጀንና የተዘነጋን ነገር ያመለክታል። በአሮጌ የአሜሪካ ስፖርት መኪና ሰብሳቢዎች ዘንድ ግን ቃሉ ከፍተኛ ምስጋና ነው፤ ቀለሙ፣ የወንበር ልብሱና ሞተሩ ከፋብሪካ እንደ ወጡ ያሉበትን፣ ጥቂት የተነዳ መኪና ይገልጻል። በ1953 እ.ኤ.አ. ፍሊንት፣ ሚሺጋን ውስጥ 300 ብቻ የተሠራው ሸቭሮሌት ኮርቬት ሁሉም ውጪው ነጭ፣ ውስጡ ቀይ ስለ ነበር፣ ዛሬ በሌላ ቀለም የሚታይ የዚያ ዓመት መኪና መነካካቱን ራሱ ይመሰክራል።

ያልታደሰ ማለት ግን ያልተጠበቀ ማለት አይደለም። በጋይንት ቤተ ልሔም አራት ማዕዘኑ ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በክብ የሣር ክዳን ተከልሎ እንደ ኖረ ሁሉ፣ ዘይቱና ጎማው በየጊዜው የተቀየረለት መኪናም ስሙን አያጣም፤ ስሙን የሚያሳጣው ዳግም ቀለም መቀባቱ ነው፤ የመጀመሪያው ቀለም አንዴ ከተፋቀ በምንም ጥበብ አይመለስምና።

«ጥቂት የተነዳ» የሚለው ሐረግ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ የዘመኑ ርቀት ቆጣሪ አምስት አኃዝ ብቻ ስለ ነበረው ከ99,999 ማይል በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በመሆኑም አስተዋይ ገዢ ከቆጣሪው ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ መበላት ይመረምራል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል።