ሁለት ቀለም የወለደው አረንጓዴ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚታየው አረንጓዴ አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ቅጠል ብቻውን የሰጠው ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ቢጫና ሰማያዊ ተዋሕደው የወለዱት ነው። በቤተ ሙከራ የተመረመሩ ሥራዎች እንደሚያሳዩት፣ ቢጫው ኦርፒመንት የሚባለው ከአርሴኒክና ከድኝ የተገነባ ማዕድን ሲሆን፣ ሰማያዊው ከዕፅ ቅጠል የሚወጣው ኢንዲጎ ነው። ሰዓሊው ሁለቱን ልም አድርጎ ፈጭቶ በሙጫ ሲበጠብጥ፣ ቢጫው ከበዛ የለጋ ቅጠል፣ ኢንዲጎው ከበዛ የጥድ መልክ ይወጣለታል።

ኦርፒመንት ድኝ ስላለበት ከእርሳስ የተሠራን ነጭና ከመዳብ የተሠራን ቀለም ያጠቁራል ተብሎ በአውሮፓ ሰዓሊዎች ዘንድ ይፈራ ነበር፤ የኢትዮጵያ የሥዕል ገበታ ግን የሚለሰነው እርሳስ በሌለበት ጀሶ ስለነበር፣ ይህ ስጋት እዚህ የቀለለ ይመስላል። ከዚያ የሚብሰው ጠላት ብርሃን ነው፤ ኦርፒመንት ብርሃን ሲበዛበት እየነጣ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ አረንጓዴ የነበረው ቦታ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ ዛሬ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ካባ ሁሉ ከመነሻው ሰማያዊ ነበር ብሎ መደምደም የችኮላ ፍርድ ነው። ተዘግቶ በማኅደሩ የሚኖር የብራና መጽሐፍ፣ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሸራ ይልቅ ቀለሙን ሊጠብቅ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አርሴኒክ የአውሮፓንም አረንጓዴ ተጠናውቶት ነበር፤ ኬሚስቱ ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1775 የሠራውና በ1814 በጀርመኗ ከተማ በሽዋይንፉርት የተመረተው ደማቅ አረንጓዴ ሁለቱም መዳብንና አርሴኒክን ያጣመሩ ሲሆኑ፣ የኋለኛው ለተባይ ማጥፊያነትም ተሸጧል። ፈረንሳዊው ፓንቲዬ በ1838 ያገኘው፣ ጊኜ በ1859 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ቪሪዲያን የተባለው አረንጓዴ ግን ውኃ ካዘለ የክሮሚየም ኦክሳይድ የተሠራ በመሆኑ፣ ብርሃንን የሚቋቋምና መርዛማነቱም እጅግ ያነሰ ነው። በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲከፈት፣ ይህ ቀለም በዓለም ገበያ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር።

ቪሪዲያን ቢሆንም ዱቄቱ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፤ የሚበጠብጠው ሰው አፍንጫና አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ የተበተነውን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ያነሣል፣ የብሩሹንም ጫፍ በምላሱ አያሾልም። የጥንቱን አረንጓዴ የሚጠግን ባለሙያ ጥንቃቄ ከዚህ ይጠነክራል፤ የሚረግፈው ብናኝ አርሴኒክ ሊኖርበት ስለሚችል ሥዕሉን በደረቁ አይፍቅም፣ ኦርፒመንት ሲቃጠል መርዘኛ ጢስ ስለሚያወጣም እሳት አያስጠጋበትም።