ነዳጅ ቢወጣልን ኖሮስ?

ያስታውሱ ይሆን? ጥር 2005 ዓ.ም. ቱሎ ኦይል የተባለው ኩባንያ በደቡብ ኦሞ ሳቢሳ የተሰኘውን የመጀመሪያ ጉድጓዱን መቆፈር ጀመረ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጎረቤታችን ኬንያ ቱርካና ላይ ነዳጅ አግኝታ ነበርና የጂንካ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። እስከ 2006 ዓ.ም. አራት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ግን አልተገኘም።

ለመሆኑ ዕድል አመለጠን ወይስ ከመከራ ተረፍን?

ናይጄሪያን እንይ። ኦሎይቢሪ ላይ ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ሼል ከኦጎኒ ምድር ነዳጅ ማውጣት ያቆመው ደግሞ በ1993። ከ18 ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሲያጠና አፈሩም የመጠጥ ውኃውም ገና እንደተበከለ ነበር፤ ማጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችልም ገመተ። የእኛ ኦሞ የሚያበቃው ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ ዛሬ ተስፋው ወደ ሊትየም ዞሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ደግሞ ሊትየም ይፈልጋል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጉጂ ምድር ቀንጢቻ ላይ ለዓመታት ታንታለም ሲወጣበት የኖረው ዓለት ሊትየምም አለው።

ታዲያ ሊትየም ንጹሕ ነው? ከነዳጅ ጋር ሲተያይ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ነዳጅ አንዴ ከነደደ ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ ሊትየም ግን ባትሪው ካረጀም በኋላ ተለቅሞ እንደገና ሊሠራበት ይችላል። ሲፈስም እንደ ድፍድፍ ነዳጅ ወንዝ አይሸፍንም። ማዕድኑ የሚወጣበት ቦታ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከመቶ ኪሎ ዓለት የሚገኘው ሊትየም ኦክሳይድ ብዙውን ጊዜ ከ2 ኪሎ አይበልጥም። ቀሪው ክምር ድንጋይና ዝቃጭ ነው። ማዕድኑ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይቆላል፣ በሰልፈሪክ አሲድ ይታሻል፣ ውኃም ይጠጣል። ክምሩ በወጉ ካልተያዘ ዝናብ ሲመጣ ወደ ታች ይወርዳል።

«ንጹሕ» የሚባል ነገር ዋጋ እንዳለው ደግሞ ደቡብ ኦሞ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ጭስ የለውም። ነገር ግን የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት ሙርሲዎች፣ ካሮዎችና ዳሰነቾች ያንን ሙላት አጥተዋል። መብራቱ ለአገር ሲደርስ ጉዳቱ ለወንዙ ዳር ሰው ቀረ።

እኛ ሊትየም ይቅር አንልም። ለዓለም አየር ከነዳጅ ይሻላል ብለን እናምናለን። የምንለው አንድ ነገር ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳቱ የሚደርስበት ኅብረተሰብ አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ ነገ ሌላ ቆፋሪ ኦሞ ዳር ሲመጣ፣ ነዳጅም ይፈልግ ሊትየም፣ ጥያቄያችን «ስንት ቶን አለ?» ብቻ አይሁን። የሚጠጣው ሰው ተጠይቋል ወይ?