ዋግሹምነትና የላስታ ገዥነት

ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እስከ ሰቆጣ በተዘረጋው ደጋ የገዥነት ሹመት ከሌላው አገር ልዩ የሆነ መሠረት ነበረው። በሌላው አውራጃ ንጉሥ የሾመውን ንጉሥ ይሽረዋል፤ በዚህ ግን ሹመቱ የዘር ርስት ነበረ። በትውፊት እንደሚነገረው፥ በ13ኛው መቶ ዓመት መንግሥት ከዛጔ ነገሥታት ወደ ይኩኖ አምላክ በተላለፈ ጊዜ፥ የዛጔ ተወላጆች ዋግን ከልጅ ወደ ልጅ እየተቀባበሉ እንዲገዙ ስምምነት ተደረገ። ገዥው ዋግሹም ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር ነበረው ይባላል። ላስታም አንዳንድ ጊዜ በእርሱ ሥር፥ አንዳንድ ጊዜ በሌሎች መኳንንት እጅ ይተዳደር ነበረ።

ይሁን እንጂ ይህ ክብር ገዥውን ከሞት የሚያድን አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ አገሩን ወደ አንድ ሥልጣን ለመሰብሰብ በተነሡ ጊዜ ዋግሹም ገብረ መድኅንን በስቅላት ቀጡ። ልጃቸው ጎበዜ ሸፍተው ዋግንና ላስታን ያዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በዚያው ምድር አለፈ፤ ጎበዜም አልከለከሉትም። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ጦሩ ሲመለስ ግን መድፍና ጠመንጃ የሰጠው ለትግሬው ደጃዝማች ካሣ ነበረ። ተክለ ጊዮርጊስ የካሣን እኅት ድንቅነሽን አግብተው ነበረ፤ ጋብቻው ግን ጦርነቱን አላስቀረም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በዐሰም ወንዝ ድል ሆነው ተማረኩ፤ በእስርም ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በአክሱም ነገሡ።

ስለዚህ ዋግሹሙ በአገሩ ሳለ የነበረው ኃይል፥ ዙፋን በፈለገ ጊዜ አልበቃውም። ሕዝቡ ለዘሩ የነበረው ታማኝነት ግን አልጠፋም፤ በ1929 ዓ.ም. ክረምት ላስታ በጣሊያን ላይ ሲነሣ መሪው የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ነበሩ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገድለው ራሳቸው ተቈረጠ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገረ ገዥዎችን በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙና ደመወዝ የሚቀበሉ ሹማምንት አደረጋቸው፤ ላስታም የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ሆነ። ግብርን ለራስ መሰብሰብ ቀረ። ገዥነት ከርስትነት ወጥቶ አገልግሎት ሆነ፤ የገዥውም ዘመን ከዚያ ወዲያ በትውልድ ሳይሆን በሹመት ደብዳቤ ተቈጠረ።