«ክራሽ አደረገ»

ባልደረባዬ «ስክሪፕቱ አንድ ፕሮግራም ሲጠራ ክራሽ ያደርጋል» ብሎ ጠራኝ። ሎጉን ከፍተን የመውጫ ኮዱን አየነው፦ 127። ሼል 127 ሲመልስ «የጠራኸውን ፕሮግራም አላገኘሁትም» ማለቱ ነው። ታዲያ ያልተነሣ እንዴት ይወድቃል? በእጁ ሲያስኬደው ይሠራል፤ ሌሊት በክሮን ሲነሣ ግን ክሮን ፕሮግራም የሚፈልግባቸው አቃፊዎች ጥቂት ናቸው። ሙሉ አድራሻውን ጻፍንለት፣ አለቀ።

እኛ ቤት ያልሠራ ነገር ሁሉ «ክራሽ አደረገ» ይባላል። (ፕሪንተር ወረቀት ሲጨርስም ሰምቻለሁ።) ቃሉ የሚገባው ግን ሥራ ጀምሮ መሀል ላይ በራሱ ስሕተት ለወደቀ ፕሮግራም ነው። 126ም ክራሽ አይደለም፤ ፋይሉ አለ፣ ማስኬድ ግን አልተቻለም፤ ብዙውን ጊዜ የማስኬጃ ፈቃድ ስለሌለው ነው። እውነተኛው ክራሽ 139 ነው። 128 ላይ የሲግናሉ ቁጥር 11 ሲደመር ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ቦታ ነክቶ ሊኑክስ አስቁሞታል። ያንኑ ፕሮግራም ፓይተን በቀጥታ አስነሥቶት ከሆነ -11 ብሎ ይመዘግበዋል።

137ስ? እሱ እንኳ አልወደቀም፣ ተገድሏል፤ በ9 ቁጥር ሲግናል። ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ ራሱ ገዳይ ይሆናል።