አልጋ ወራሽነት ምንድነው?

እዚህ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ቡና ላይ «አልጋ ወራሹ ማነው?» የሚል ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። ለክርክሩ ይረዳ ዘንድ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

ድሮ የንጉሥ ዘር መሆን ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጦር ነበር የሚለየው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን ዘውዱን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ወሰነው። የ1948ቱ ደግሞ የውርሱን ተራ ዘረዘረ።

አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ስዊዘርላንድ በሕክምና ላይ ሳሉ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አባታቸውን አውርዶ እሳቸውን በሌሉበት ንጉሥ አላቸው። በመጋቢት ዘውዱን ራሱን ሻረው። በ1981 ዓ.ም. ለንደን ላይ «ቀዳማዊ አምኃ ሥላሴ» ተብለው በስደት ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ። ኋላም ወደ ቨርጂኒያ መጥተው በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩት አዲስ አበባ፣ ቅድስት ሥላሴ ነው። ልጃቸውን ልዑል ዘርዐ ያዕቆብን አያታቸው በ1966 ዓ.ም. ተከታይ ወራሽ አድርገው ሰይመዋቸው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ሁለት ነው። ተራው የማን ነው? አልጋውስ አለ ወይ? የመጀመሪያውን የዘር ሐረግ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሪፐብሊክ ብሎ መልሶታል፤ ይለወጥ ቢባል እንኳ የሚወስነው አገር ቤት ያለው ሕዝብ እንጂ የእኛ የቡና ጠረጴዛ አይደለም።