ነርሲስ ናልባንዲያን

ነርሲስ ናልባንዲያን (እ.ኤ.አ. 1915 – 1977) የሙዚቃ መምህር፣ አቀናባሪና የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። በትውልድ አርመናዊ ሲሆኑ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በአዲስ አበባ ወጣት ሙዚቀኞችንና ዘማሪዎችን በማሠልጠን ነው።

የአርባ ልጆች ታሪክ

የነርሲስን ሥራ ለመረዳት ከአጎታቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን መጀመር ያስፈልጋል። ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ውስጥ የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች ያቀረቡትን የማርሽ ሙዚቃ ሰሙ። ልጆቹ በኦቶማን ግዛት ከተፈጸመው የአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ የአርመን ፓትርያርኩን አስፈቅደው አርባዎቹን ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው፤ በዚያው ዓመት በጳጉሜን መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ገቡ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም የቀረው ከዚህ ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማም የእርሳቸው ሥራ ሲሆን ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። የስደተኛ ልጆች ባንድ የአንድ አገር መንግሥታዊ ሙዚቃ መነሻ መሆኑ በዓለም ላይ ብዙ ምሳሌ ያለው ነገር አይደለም።

ሕይወትና ሥራ

ነርሲስ በአይንታብ (የዛሬዋ ጋዚያንቴፕ፣ ቱርክ) ተወልደው በሶርያ ሐለብ አደጉ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ ሲሆን የአጎታቸውን ፈለግ ተከትለው የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መርተዋል። በልዩ ልዩ ቦታዎች ሙዚቃ አስተምረዋል፤ የመዘምራን ቡድኖችንም አሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር) ሲከፈት የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊነቱ ወደ ነርሲስ ተላለፈ። ድምፃዊው ምኒልክ ወስናቸው በዚያ መድረክ ከዘፈኑት አንዱ ናቸው። ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መመሥረትም ድርሻ ነበራቸው።

የአቀናባሪነት ዘዴ

ዋናው ፈተና አምስት ድምፅ ባላቸው የኢትዮጵያ ቅኝቶች ለትልቅ ባንድ መጻፍ ነበር። የአውሮፓው ኮርድ በሦስት ሦስት ድምፅ ርቀት ይገነባል፤ ቅኝቱ ግን የሚያስፈልገውን ድምፅ ሁልጊዜ አይሰጥም። ባዕድ ድምፅ ቢጨመር ዜማው መልኩን ያጣል፤ ባይጨመር ደግሞ ሁሉም መሣሪያ አንድ ዜማ ብቻ ይደጋግማል። በተለይ በአንቺሆዬ ውስጥ ያሉት ሁለት ግማሽ ድምፆች ለጀማሪ አቀናባሪ ችግር ናቸው። ነርሲስ ከቅኝቱ ሳይወጡ ለሳክስፎን፣ ለትራምፔትና ለትሮምቦን የተለያየ ድርሻ ይጽፉ ነበር። ለወጣት ተጫዋች ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ ዜማውን በቃሉ ቢያውቀውም የራሱን መስመር ከኖታ ማንበብና የጎረቤቱን መስማት ይኖርበታል።

መታሰቢያ

በኢትዮጵያ ሙዚቃ የድምፃዊው ስም ሲታወስ የአቀናባሪው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የነርሲስም ዕጣ ይኸው ነበር። ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢዘር/ኦርኬስትራ የተባለው የቦስተን ባንድ ሥራዎቻቸውን ከኢትዮጵያውያን ድምፃውያን ጋር ተጫውቷል፤ ቅጂውም በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚወጣው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበሞች ቁጥር 32 ሆኖ ታትሟል። የአልበሙ ርዕስ በፈረንሳይኛ «ኢትዮጵያዊው ናልባንዲያን» የሚል ነው።